ለብርድ አገር ሁለት የስፖንጅ ምንጣፍ ሲያጣብቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ድንኳን ተክሎ ያደረ ሰው ብርዱ ከሥር እንደሚመጣ ያውቃል። ቦታው 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስሊፒንግ ባጋችሁ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ከሥራችሁ ያለው ክፍል በክብደታችሁ ይጨፈለቃል። ከዚያ በኋላ ወገባችሁን ከመሬቱ የሚለየው ምንጣፉ ብቻ ነው።

ጥሩ የተራራ ምንጣፍ እዚህ እንደልብ አይገኝም፤ ቢገኝም ውድ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሁለት ስስ ምንጣፍ ገዝተን እናጣብቃለን። ሐሳቡ ትክክል ነው። ምንጣፎች ሲደረቡ ሙቀት የመያዝ አቅማቸው ይደመራል፤ አር ቫሊዩው (የዚህ አቅም መለኪያ ቁጥር ነው) 2 በሆነ ምንጣፍ ላይ ሌላ 2 ብትደርቡ 4 ታገኛላችሁ። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው።

የሶፋ ስፖንጅ መግዛት

ሱቅ ውስጥ ስትቀመጡበት ይመቻል፣ ወፍራም ነው፣ ርካሽም ነው። ስትተኙበት ግን ዳሌና ትከሻ ሥር ልሙጥ ይላል። የሚያሞቃችሁ ስፖንጁ ውስጥ የታሰረው አየር ነው፤ አየሩ ከወጣ ሙቀቱም አብሮ ወጣ። ከዚያ በላይ ደግሞ የድንኳኑን ጤዛ ይጠጣል። ከመግዛታችሁ በፊት በአውራ ጣታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑት። ጣታችሁ ማዶውን ከነካ ተዉት። ለልጆች መጫወቻ ወለል ላይ የሚነጠፈው ተገጣጣሚ ምንጣፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይሻላል፤ አይሟሽሽም፣ ውሃም አይጠጣም።

ገጹን በሙሉ ማስቲሽ መቀባት

እኔን ያስከፈለኝ ይሄ ነው። የመጀመሪያውን ምንጣፌን ከዳር እስከ ዳር ቀብቼ አጣበቅኩት። ቤት ውስጥ አንድ ወፍራም ሰሌዳ ሆኖ ሲያምር ደስ አለኝ። ጠቅልዬ ባሌ ድረስ ወሰድኩት። ማታ ስዘረጋው አልዘረጋም አለ። ራስጌና ግርጌው ወደ ላይ ጎብጦ ቀረ፣ የውስጠኛው ሽፋን ተጨማዶ በየቦታው ተላቀቀ።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ያላቸውን ሁለት ምንጣፎች አብራችሁ ስትጠቀልሉ፣ በውጭ በኩል ያለው በእያንዳንዱ ዙር ከውስጠኛው 6 ሴንቲሜትር ያህል የበለጠ መንገድ ይዞራል። በሙሉ ከተጣበቁ መንሸራተት ስለማይችሉ አንዱ ይወጠራል፣ ሌላው ይጨማደዳል። ማጣበቂያው ደግሞ ሙቀት አይጨምርም። ሥራው ሽፋኖቹ ሌሊት እንዳይንሸራተቱ መያዝ ብቻ ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ራስጌው ላይ አንድ ስንዝር ብቻ አጣብቃለሁ። ግርጌውን በሰፊ ላስቲክ እይዘዋለሁ። ስጠቀልል ላስቲኩን አውልቄ ከራስጌ እጀምራለሁ፤ ትርፉ በግርጌ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ስመለስም ሁለቱን ገልጬ መሀሉን አደርቃለሁ። እርጥበት መሀላቸው ገብቶ ከተረሳ ይሻግታል።

ማስቲሹ ሳይደርቅ መግጠም

ጫማ ሰፊ ሲሠራ አይታችሁ ይሆናል። ሶሉንም ጫማውንም በስሱ ይቀባል፣ ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል፣ ሌላ ጫማ ያነሳል። ቆይቶ ተመልሶ በጣቱ ነካ ያደርገዋል። ክር ካልጎተተ ብቻ ገጥሞ በመዶሻ ይመታዋል። እኛ ግን እንደ ወረቀት ኮላ እርጥቡን እናጋጥመዋለን። በስፖንጅ መሀል የታፈነ እርጥብ ማስቲሽ ቶሎ አይደርቅም፤ ተንሸራቶ ይላቀቃል። ሁለቱንም ወገን በስሱ ቀቡ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በደንብ ጫኑት። አንዴ ከነካ ማስተካከል የለም፤ ስለዚህ ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አስተኙት።

ቴሌቪዥን ተጠቅልሎበት የሚመጣውን፣ ስትዳስሱት ሰም ሰም የሚለውን ስፖንጅ ግን ማስቲሽም በደንብ አይዘውም። እሱን በላስቲክ ብቻ እሰሩት። ሌላውንም ቢሆን በቁራጭ ላይ ሞክሩ፤ አንዳንዱን ስፖንጅ ማስቲሹ ይበላዋል።

ሱፐር ግሉ መጠቀም

ሲደርቅ እንደ መስታወት ይሆናል። ምንጣፉ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል።

ቤት ዘግቶ መቀባት

ይሄን እባካችሁ በቀላሉ አትዩት። የማስቲሽ ትነት ራስ ያዞራል፣ ለሳንባም ጎጂ ነው፣ እሳትም በቀላሉ ይይዛል። ከሰል በተያያዘበት፣ ቡና በሚፈላበት ቤት ፈጽሞ አይሞከርም። ሰገነት ወይም ግቢ ውጡ። ልጆች አጠገባችሁ አይኑሩ። ከተጣበቀ በኋላም ሽታው እስኪጠፋ ጥቂት ቀን ውጭ ይሰንብት፤ ፊታችሁን ደፍታችሁ የምታድሩበት ነገር ነው።

አሉሚኒየም ፎይል መሀል ማስገባት

ፎይል ሙቀትን የሚመልሰው ፊቱ ላይ ክፍት አየር ሲኖር ነው። በሁለት ስፖንጅ መሀል ከተጣበቀ ምንም አይጠቅምም፤ ሲንኮሻኮሽ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ።

መገጣጠሚያዎቹን አንድ መስመር ላይ ማዋል

ቁርጥራጭ የምትገጣጥሙ ከሆነ ግንበኛ ብሎኬት ሲደረድር እንደሚያደርገው አዛንፉት። የላይኛው ክፍተት የታችኛው ሙሉ ቦታ ላይ ይረፍ። ክፍተቶቹ ከተገጣጠሙ ብርዱ በዚያ በኩል ቀጥ ብሎ ጀርባችሁን ያገኘዋል።

ሳይሞክሩ መንገድ መጀመር

አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሲሚንቶ ወለል በደንብ ይቀዘቅዛል። ፍራሹን ተዉትና አንድ ሌሊት ሙሉ እዚያ ላይ እደሩ። ለሊቱ 10 ሰዓት ላይ ዳሌያችሁ ከቀዘቀዘ ሦስተኛ ቁራጭ ከትከሻ እስከ ዳሌ ጨምሩ። እግር ሥር ልብስ የያዘ ቦርሳ ይበቃል።