የሊቲየም ባትሪዬ ተርሚናል ለምን ይግል ነበር?

መብራት ሲጠፋ፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ቤቱን በደንብ ይይዘዋል። ችግሩ የባትሪው ፖዘቲቭ ተርሚናል ነበር። ውሃ ማፍያና ካውያ አንድ ላይ ሲሰኩ እጅ አያስነካም። ቀዩ የፕላስቲክ ክዳን መቅለጥ ጀምሮ ነበር። ሻጮቹ «የአገጣጠም ችግር ነው፣ ዋስትናው አይሸፍንም» አሉኝ። የገጠመው ግን የእነሱው ባለሙያ ነው!

ጭቅጭቁን ትቼ መልቲሜትር አወጣሁ። ማፍያውና ካውያው እየሠሩ፣ አንዱን መርፌ ተርሚናሉ ላይ፣ ሌላውን የገመዱ የመዳብ ጫፍ ላይ አደረግኩ። ኔጋቲቩ ጋ 2 ሚሊቮልት፣ ፖዘቲቩ ጋ 180። በሁለቱም የሚያልፈው ከረንት ያው ነው፤ 60 አምፔር ገደማ። ስለዚህ ፖዘቲቩ መጋጠሚያ ላይ ቮልቴጁ የበዛው ከረንቱ በደንብ ስለማያልፍ ነው። እዚያች መጋጠሚያ ላይ ብቻ ወደ 11 ዋት ሙቀት ይፈጠር ነበር ማለት ነው።

ሁሉንም አጥፍቼ ቡሎኑን ስፈታ፣ የማይዝገው ብረት ሮንዴላ በተርሚናሉና በመዳቡ መሃል ተሰንቅሯል። እሱ ደግሞ ከረንት እንደ መዳብ አያስተላልፍም። የሮንዴላው ትክክለኛ ቦታ ከመዳቡ በላይ፣ ከቡሎኑ ራስ ስር ነው። የጠቆረውን የገመድ ጫፍ አስቀየርኩ፣ ተርሚናሉን አጸዳሁ፣ መመሪያው በሚለው ልክ አጠበቅኩ። አሁን 3 ሚሊቮልት።

ፎቶውንና ልኬቱን ይዤ ሄድኩ። ደረሰኙ ላይ «ገጠማ» ተብሎ የተከፈለበት መስመር ስለነበር ብዙም አልተከራከሩም። የክዳኑንና የገመዱን ወጪ ሸፈኑ። ባትሪ ግን አልቀየሩልኝም፤ ባትሪው ውስጥ ያሉት ሴሎች ቮልቴጅ እኩል ስለሆነ እኔም አልገፋሁበትም።