የምግብ ቤት ሠራተኛ የምግብ ደኅንነት ሥልጠናና ማረጋገጫ አወጣጥ፦ ለወሎ ከተሞች የተዘጋጀ መመሪያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ ወይም በላሊበላ ምግብ ቤት ለመቀጠር የሚፈልግ ሰው «ሰርተፍኬት ይዘህ ና» ሲባል፣ ከሁሉ አስቀድሞ የተጠየቀው የትኛው ወረቀት እንደሆነ ማጣራት ይኖርበታል። ሰዎች በአንድ ስም የሚጠሯቸው፣ ነገር ግን የተለያየ ጉዳይ የሚመሰክሩ አራት ወረቀቶች አሉ። የጤና ምርመራ ውጤት ሠራተኛው በተመረመረበት ዕለት የነበረውን ጤንነት ይገልጻል። የሥልጠና ምስክር ወረቀት ስለ ምግብ ደኅንነት ምን እንደተማረ ይናገራል። በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ደግሞ ሥራውን በመዛኝ ፊት ሠርቶ ማሳየቱን ያረጋግጣል። አራተኛው የሠራተኛው ሳይሆን የቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ንግድ ፈቃድ ሲያወጣ የሚጠየቀው የድርጅቱ የብቃት ማረጋገጫ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም፤ የሰገራ ምርመራ ያደረገች ወጥ ሠሪ በዚያ ምክንያት ብቻ ሥልጠና እንደወሰደች አይቆጠርም።

በአገር አቀፍ ደረጃ ጉዳዩን የሚገዛው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲሆን፣ የምግብ ቤቶችን የዕለት ተዕለት ቁጥጥር የሚያከናውኑት ግን የክልሉና የከተማው የጤና መዋቅር ባለሙያዎች ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት መሆን አለበት። እዚያም የምርመራው ዓይነት፣ የሚታደስበት ጊዜ፣ ምርመራውን እንዲሰጡ የተፈቀደላቸው ጤና ጣቢያዎችና ቀጣዩ የሥልጠና ዙር ይጠየቃል። ይህን ሳያጣሩ በግል ክሊኒክ ተመርምሮ ወረቀቱን ይዞ መምጣት ሁለት ጊዜ ሊያስከፍል ይችላል።

የጤና ምርመራው

የምርመራው ዋና ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሰገራ ምርመራ ነው፤ አሜባ፣ ጃርዲያና ወስፋትን የመሳሰሉ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚፈለጉት በዚሁ ነው። ናሙናው ከሽንት ጋር ሳይቀላቀል በንጹሕ ዕቃ ተይዞ፣ ቢቻል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ሲንቀሳቀስ የሚታየው አሜባ በቆየ ናሙና ውስጥ ሞቶ ስለሚጠፋ ከቤት ተይዞ የመጣና ሰዓታት ያለፉት ናሙና ያለውን በሽታ እንደሌለ ሊያስመስል ይችላል። ተሕዋስያኑ በየቀኑ እኩል ስለማይወጡም የአንድ ቀን ውጤት ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ታይፎይድ ታሞ የዳነ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ መናገር ይኖርበታል፤ ምንም ሳያመው ባክቴሪያውን ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ከሰገራው ጋር ሊያስወጣ ይችላልና።

ሰኞ ተመርምሮ ጤነኛ የተባለ ሠራተኛ ሐሙስ ተቅማጥ ሊይዘው እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ሰው ምግብ ከሚነካበት ሥራ ወዲያውኑ መውጣት፣ ሕመሙ ካቆመለት በኋላም 48 ሰዓት መቆየት ይኖርበታል። ዓይኑ ቢጫ የሆነበት ደግሞ ሐኪም ሳያየው አይመለስም። ይህ ደንብ የሚሠራው ግን ባለቤቱ የታመመበትን ቀን ደመወዝ የማይቆርጥ ከሆነ ነው። ደመወዝ በሚቆረጥበት ቤት ሠራተኛው ሕመሙን ይደብቃል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የምርመራ ወረቀትም ለጌጥ ይቀራል።

ሥልጠናውን መምረጥ

ጥሩ ሥልጠና በአካባቢ ጤና ባለሙያ ወይም በሙያው በሠለጠነ መምህር የሚሰጥ፣ ቢያንስ በከፊል ማድ ቤት ውስጥ የሚካሄድ፣ በመጨረሻም ፈተና ያለው ነው። ከመመዝገብ በፊት ምስክር ወረቀቱ የተሰጠበትን ቀን፣ የተሸፈኑትን ርእሶችና የሰጪውን ተቋም ማኅተም የሚይዝ መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው። ይዘቱን ለመመዘን የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣቸው አምስቱ የምግብ ደኅንነት ቁልፎች ይበቃሉ፦ ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በሚገባ ማብሰል፣ ምግብን በተገቢው የሙቀት መጠን ማቆየት፣ ንጹሕ ውሃና ጤናማ ጥሬ ዕቃ መጠቀም። ባለቤቶች ወጥ ሠሪዋንና አስተናጋጁን ልከው ዕቃ አጣቢዋንና እንጀራ ጋጋሪዋን ይተዋሉ፤ ዕቃ አጣቢዋ ግን በቤቱ ውስጥ ያለውን ሳህን ሁሉ የምትነካ ሰው ናት።

ከአምስቱ ለወሎ ሠራተኛ ለማስረዳት የሚቀለው ሁለተኛው ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሠፈር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ በሚኖርበት በዚህ አገር ድግስ ሲደገስ የሁለቱ ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱና ጭልፋውም ለየብቻ ይሆናል። የጾምና የፍስክ ዕቃ መለየትም ማንም ሳያስተምረው የሚታወቅ ነው። በስሕተት የተለወጠ ጭልፋ ቤቱን ምን ያህል እንደሚያስነቅፍ የምታውቅ ወጥ ሠሪ፣ ጥሬ ዶሮ የተበለተበት መክተፊያ ለሰላጣ እንደማይውል ለመረዳት ረጅም ንግግር አያስፈልጋትም። አሠልጣኙ ከዚህ ልማድ ቢነሳ መልካም ነው። መክተፊያና ቢላዋ በቀለም ወይም በምልክት ይለይ፤ ጥሬ ሥጋ በፍሪጅ ውስጥ ከበሰለ ምግብ በታች ይቀመጥ፤ ጥሬውን የነካ እጅ ሌላ ከመንካቱ በፊት በሳሙና ለ20 ሰከንድ ያህል ይታጠብ። ብር የተቀበለ እጅ እንጀራ የሚያነሳበት ልማድም ከዚሁ ጋር መቆም ያለበት ነው።

ስለ ቁርጥና ስለ ጥሬ ክትፎ አሠልጣኙ በግልጽ ሊናገር ይገባል። ሠራተኛው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን በሥጋው ውስጥ ያለውን የኮሶ ዘር በእጥበት አያስወግድም። ምግብ ቤቱ ማድረግ የሚችለው ከቄራ የወጣና የምርመራ ማኅተም ያለበትን ሥጋ ብቻ መግዛት፣ ለደንበኛውም የበሰለውን አማራጭ ማቅረብ ነው። ከሐይቅ የሚመጣ ዓሣ ደግሞ ቶሎ ሆድ ዕቃው ወጥቶ በበረዶ ካልተያዘ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ድረስ ይበላሻል።

ሙቀት፣ ውሃና ከፍታ

በመማሪያ ጽሑፎች ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ተብሎ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ 94 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የምግብ ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ የሚፈትን የደሴ ሠራተኛ 92 አካባቢ ቢያነብ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ መጣል የለበትም፤ ይልቁን በተቀጠቀጠ በረዶና በጥቂት ውሃ ውስጥ ነክሮ 0 ማንበቡን ያረጋግጥ። የመጠጥ ውሃም ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ መፍላት አለበት።

የምግቡ መሐል 70 ዲግሪ ከደረሰ አብዛኞቹ ጎጂ ተሕዋስያን ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ ትኩስ የሚቀርበው ከ60 በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 በታች ይቆያል፤ በመካከሉ ያለው ክልል ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ማታ ተሠርቶ ለነገ በትልቅ ድስት ተከድኖ የሚያድር ወጥ ነው። የድስቱ መሐል ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ይቆያል፤ በተለይ በቆቦ፣ በከሚሴና በባቲ ቆላማ አየር። ጠዋት በደንብ ማሞቅ ሁልጊዜ አያድንም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በሩዝም ሆነ በሥጋ ውስጥ የሚተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋምና። መፍትሔው ወጡን ወዲያውኑ ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ዕቃዎች ከፋፍሎ፣ ዕቃዎቹን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጦና እያማሰሉ አቀዝቅዞ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ነው። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁ በር አይከፈት፤ ተዘግቶ ከቆየ ቅዝቃዜውን ለአራት ሰዓት ያህል ይይዛል።

ለዕቃ ማጠቢያ ሦስት ሳፋ ያስፈልጋል፦ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ፣ አንዱ ለበረኪና። በረኪናው 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ከሆነ ለ10 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ በሲሪንጅ መለካት በግምት ከመጨመር ይሻላል። ስብ የቀረበት ሳህን ክሎሪኑን ስለሚያዳክም መጀመሪያ በሳሙና በደንብ መታጠብ አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ቧንቧ የተገጠመለት ባለክዳን በርሜል ከመጸዳጃ ቤቱ መውጫ አጠገብ ይቀመጥ፤ በጆግ እየተጨለፈ የሚታጠቡበት ውሃ የሁሉንም እጅ ቆሻሻ ይሰበስባል።

ምዘናና የውጭ አገር ሥራ

የሙያ ብቃት ምዘናው በምግብ ዝግጅት ወይም በመስተንግዶ ሙያ፣ በደረጃ ተከፋፍሎ የሚሰጥ ሲሆን የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። በተግባሩ ክፍል መዛኙ የወጡን ጣዕም ብቻ ሳይሆን እጅ የታጠበበትን ጊዜ፣ የመክተፊያውን አያያዝና የጸጉሩን ሽፋን ያያል፤ ስለዚህ ዝግጅቱ በየዕለቱ ሥራ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ምዝገባው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና በሥራና ሥልጠና መዋቅሩ በኩል ይከናወናል።

ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ የሚዘጋጁ ወጣቶች፣ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት የሙያ ብቃት ማረጋገጫን እንደሚጠይቅ ይወቁ። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ የአገሩ ሥልጠና ይጠብቃቸዋል፤ የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ለምሳሌ በየምግብ ቤቱ የተመሰከረለት የምግብ ደኅንነት ኃላፊ እንዲኖር ያስገድዳል። የደሴው ወረቀት ያንን አያስቀርም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ስለሆነ ፈተናውን ያቀልላል።

የየሠራተኛውን የምርመራና የሥልጠና ወረቀት ቅጂ ባለቤቱ በአንድ ፋይል ይይዛል፤ በፋይሉ ሽፋን ላይም የእያንዳንዱ ማደሻ ቀን ይጻፋል። በላሊበላ ለገና፣ በሌሎቹ ከተሞችም ለበዓላት በጊዜያዊነት የሚቀጠሩ ረዳቶች ስም ከዚሁ ፋይል መቅረት የለበትም፤ እንግዳ በሚበዛበት ሰሞን የሚቀጠር ሰው ምርመራው የሚጠናቀቅበትን ጊዜ አስቦ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት።