ጠንካራ ተጫዋች ካሸነፋችሁ ቦርዱን አዙሩት

በቼዝ ከናንተ የሚሻል ሰው ስታሸንፉ ጨዋታውን ወዲያው ለኮምፒውተር አትስጡት። መጀመሪያ ቦርዱን አዙሩና በተሸናፊው በኩል ሆናችሁ እንደገና አጫውቱት። በየእርምጃው "እኔ እሱን ብሆን በየት አመልጥ ነበር?" በሉ። ስንሸነፍ ጨዋታውን እንመረምራለን፣ ስናሸንፍ ግን ስክሪንሾት አንስተን ለጓደኛ መላክ ነው፤ ስህተታችንም እዛው ተደብቆ ይቀራል።

እኔ በቅርቡ በደረጃ 200 ነጥብ የሚበልጠኝን ሰው ኤፍ7 በሚባለው ካሬ ላይ ፈረስ ሰውቼ ረታሁት። ፈረሱን በንጉሡ በላው፣ ከዛ አለቀለት። ጮቤ ረገጥኩ። ቦርዱን ሳዞረው ግን ጉዱ ወጣ፦ በግንቡ ቢበላው ኖሮ አንድ ፈረስ በአንድ ወታደር ለውጬ ቁጭ ብዬ ነበር!

የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ከራሳችን ወገን ሆነን ስናይ የሚታየን የራሳችን እቅድ ብቻ ነው። በዛ ላይ የተጫዋቾችን ደረጃ በነጥብ በሚለካው በኢሎ ስሌት የ200 ነጥብ ልዩነት ካለ ደካማው ከ100 ጨዋታ የሚጠበቅበት 24 ነጥብ ገደማ (ማሸነፍ 1፣ አቻ ግማሽ) ስለሆነ፣ ስናሸንፍ ብዙ ጊዜ ተጋጣሚያችን የሆነ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው። ያንን ቦታ ካገኛችሁ በኋላ ስቶክፊሽ የሚባለውን የቼዝ ኮምፒውተር ፕሮግራም ክፈቱና አመሳክሩ።

ሰዓት አልቆበት ባሸነፋችሁት የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ላይ ግን አትድከሙ። ውድድር ላይ ከሆናችሁም ለማታ አቆዩት፣ በዙሮች መሀል ጭንቅላት ማረፍ አለበት።