ሜይል ሰርቨር ከፋየርዎል ጀርባ ስታስቀምጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሰኞ ጠዋት እዚሁ ሀዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። «የምንልከው ኢሜይል ሁሉ ይመለሳል» አሉኝ። ሄጄ ሰርቨሩን ስከፍት ማንም ሠራተኛ ያልጻፈው የስፓም (ያልተፈለገ የጅምላ ኢሜይል) ክምር ወረፋ ይዟል። አይፒውም (የሰርቨሩ የኢንተርኔት አድራሻ) ብላክሊስት፣ ማለትም የስፓም ላኪዎች ጥቁር መዝገብ፣ ገብቷል። ይህን ስንት ጊዜ አየሁት!

ጥፋቱ ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ ለየብቻ ሲታዩ ምንም አይመስሉም። አንደኛው ፋየርዎል ሆኖ የሚያገለግለው ማይክሮቲክ ራውተር ላይ ነው። ማስከሬድ (የላኪውን አድራሻ በራውተሩ አድራሻ የሚተካው ደንብ) ሲጻፍ መውጫው ኢንተርፌስ (ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው መስመር) አልተገለጸም። ስለዚህ ከውጭ በፖርት 25፣ ሰርቨሮች ኢሜይል በሚቀባበሉበት በር፣ የሚገባው ሁሉ የራውተሩን የውስጥ አይፒ፣ 192.168.1.1ን፣ ለብሶ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል። ሁለተኛው ኢሜይሉን የሚያስተናግደው ፕሮግራም፣ ፖስትፊክስ፣ ላይ ነው። ማይኔትወርክስ የሚለው መስመር ላይ 192.168.0.0/16 (በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች ሁሉ) ተጽፏል። ይህ ማለት «ከዚህ የመጣ የቤት ሰው ነው፤ ወደፈለገው ይላክለት» ማለት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የዓለም ስፓመር ሁሉ የቤት ሰው ሆነ።

ሎጉን (የሰርቨሩን የሥራ መዝገብ) እዩ። ከውጭ የሚመጣው ኢሜይል ሁሉ ከአንድ የውስጥ አይፒ የመጣ ከመሰለ ችግሩ ይኸው ነው።

ጀማሪዎች፣ እባካችሁ! «ሪሌይ አክሰስ ዲናይድ» (ማስተላለፍ አልተፈቀደም) የሚል የስህተት መልእክት ባያችሁ ቁጥር ማይኔትወርክስን አታስፉ። እኔም ስጀምር አስፍቼ ደንበኛዬን ለቀናት ያለ ኢሜይል አስቀርቻለሁ። ሠራተኛው ከቤቱ መላክ ከፈለገ በፖርት 587 (ለተጠቃሚዎች መላኪያ በተመደበው በር) በስሙና በይለፍ ቃሉ ይግባ። ያ የስህተት መልእክት የመጣው ለራሳችሁ ዶሜን (ከ@ በኋላ ላለው ስም) በተላከ ኢሜይል ላይ ከሆነ ደግሞ ማይዴስቲኔሽን (ሰርቨሩ የራሴ ብሎ የሚቀበላቸው ዶሜኖች ዝርዝር) ላይ ዶሜኑ መኖሩን አረጋግጡ።

ከቢሮ ውስጥ በቴልኔት (ሰርቨሩን በእጅ በምታናግሩበት ፕሮግራም) ሞክራችሁ «ይሠራል» አትበሉ። ውጭ ካለ ሌላ ሰርቨር ሞክሩ። ከቤት ኢንተርኔት መሞከርም አያስተማምንም፤ ብዙ አቅራቢዎች ወደ ውጭ የሚወጣውን 25 ይዘጋሉ።

ኤምኤክስ (የዶሜናችሁን ኢሜይል የትኛው ሰርቨር እንደሚቀበል የሚናገረው መዝገብ) ላይ የሰርቨሩ ስም እንጂ አይፒ አይጻፍም።

የሲስኮ ፋየርዎል ካላችሁና የሰርቨሩ ሰላምታ በኮከብ ምልክቶች ተሸፍኖ ከመጣ፣ ፋየርዎሉ የሚያደርገውን የኤስኤምቲፒ (የኢሜይል መላላኪያ ሥርዓት) ምርመራ አጥፉት። ምስጠራውን ያበላሻል።

ከብላክሊስት ለመውጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቀዳዳውን ድፈኑ፣ ቀጥሎ ወረፋውን አጽዱ፣ ከዚያ አመልክቱ። የፒያሳዎቹ እኔን ከመጥራታቸው በፊት ሁለቴ አመልክተው ሁለቴ ወጥተዋል። ማስከሬዱን ግን ማንም አልነካውም ነበር።