ግቢ የገባችው ኤሊ የውሃ ናት የየብስ?

ከቆላ በመኪና ተጭና አቃቂ ወይም ሰበታ ዳር ያለ ግቢ የደረሰች ኤሊ ሳፋ ውስጥ ሳትገባ አንገቷን እዩ። ሁለት ጎኗን ይዛችሁ አንሷት። ስትፈራ አንገቷን ቀጥታ ወደ ውስጥ ከሳበች የየብስ ናት፤ ወደ ጎን አጥፋ ከጀርባዋ ድንጋይ ጠርዝ ስር ከሸጎጠች የውሃ ናት። (የኦሞ ወንዟ ባለ ለስላሳ ጀርባ ኤሊ ከዚህ ውጭ ናት፤ የውሃ ሆና ሳለ አንገቷን ቀጥታ ትስባለች።) የየብሷ ጀርባዋ ጉልላት፣ እግሯ የዝሆን እግር ይመስላል፤ ሳር ትበላለች፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከገባች ትሰምጣለች።

የውሃዋ ጠፍጣፋ ናት፤ ቡናማ ወይም ወደ ጥቁር ታደላለች፣ ርዝመቷ ብዙውን ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በጣቶቿ መካከል ስስ ቆዳ፣ አገጯ ስር ሁለት ትናንሽ የሥጋ ጢሞች አሏት። ጅራቱ ረዘምና ወፈር ካለ ወንድ ነው። ሲይዟት የሚከረፋ ፈሳሽ ብትለቅ አትደንግጡ፣ መከላከያዋ ነው።

በተፈጥሮዋ የማይፈስ ውሃ ትወዳለች፦ ኩሬ፣ ረግረግ፣ የከብት መጠጫ ግድብ። ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ዝናብ ትጠብቃለች፤ ሲዘንብ ደግሞ በእግሯ ሌላ ኩሬ ፍለጋ ትወጣለች። በክረምት በአጥር ስር ሾልካ የምትጠፋው ለዚህ ነው፤ ክፍተቱን በድንጋይ ድፈኑ።

እዚህ የሚገድላት ብርድ ነው። ውሃዋ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ግን የአዲስ አበባ ዙሪያ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ ምግብ አይፈጭላትም። በአንድ ጎኗ ተጋድማ ከተንሳፈፈች ወይም አፍንጫዋ አረፋ ካወጣ ሳንባዋ ታሟል፤ ሙቅ ቦታ አድርጋችሁ ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ሰፊ ሳፋ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ፣ ወጥታ የምትደርቅበት ድንጋይ፣ ማታ ቤት ውስጥ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ አስቀድሞ በክፍት ዕቃ አንድ ቀን ይደር። ቀን ፀሐይ ታግኝ፤ በመስታወት አልፎ የሚገባው ለአጥንቷ አይረዳትም። ግማሹ ሳፋ ግን ጥላ ይሁን፣ አለዚያ ትቀቀላለች።

ምግቧ የመሬት ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ከነአጥንቱ ትንሽ ዓሣ ነው፤ በሁለትና ሦስት ቀን አንዴ የጭንቅላቷን ያህል ይበቃታል። ቀይ ሥጋ ብቻ ከሆነ ካልሲየም ያጥራትና ድንጋይዋ ይለሰልሳል። ዳቦና ወተት በፍጹም። በሌላ ዕቃ አብሏት፣ የሳፋው ውሃ እንዳይገማ።

የዱር እንስሳ ስለሆነች ያለ ፈቃድ አትያዝም፤ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ሰለቸን ብሎ አቃቂ ወንዝ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ ብርዱም ፍሳሹም አያኖራትም። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሳልሞኔላ የተባለ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ልታስተላልፍ ትችላለች። የሳፋውንም ውሃ ዕቃ በሚታጠብበት ቦታ አትድፉት።