ከድሬ ሙቀት ወደ በረዶ ከተማ የምትሄዱ፣ እነዚህን አትሳሳቱ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን የጎረቤታችን ልጅ ስልኳን አወጣችና ካርታ አሳየችኝ። ቪዛዋ ወጥቶላታል። ባሏ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሰሜን ሚኒሶታ ውስጥ ነው፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት ከኖርኩባት ከዱሉት ብዙም አይርቅም። «አቦ፣ ብርዱን ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላውን እችለዋለሁ» አለችኝ።

ስለ ብርዱ ነገርኳት። ማታ ሳስበው ግን ዋናውን ሳልነግራት ነው የተለያየነው። እኛ የድሬ ልጆች ስንሄድ የምንፈራው ብርዱን ነው። ብርዱ ልብስ አለው። ከሰው ሁሉ ተለይቶ መታየቱ፣ በር የሚያንኳኳ ሰው ማጣቱ ግን ሳንዘጋጅበት ነው የሚደርስብን። ዱሉት 87 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት፤ አብዛኛው ነጭ ነው። እዚህ አንድ ሰፈር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አደርኛ ስትሰማ ያደገች ልጅ፣ እዚያ አውቶቡስ ስትሳፈር ብቸኛዋ ጥቁር እሷ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ለእሷም፣ ሻንጣ ለምታዘጋጁት ሁሉም፣ እኔና ጓደኞቼ የተሳሳትነውን ልጻፍላችሁ።

ጃኬት ከዚህ ገዝቶ መሄድ

እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ዞራችሁ ያገኛችሁትን ወፍራም ጃኬት አትሸከሙ። ለሐረማያ ብርድ ይሆናል፤ ለዱሉት አይሆንም። ጥር ላይ ሌሊቱ በአማካይ ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዜሮ በታች 30 የሚገባበትም ሌሊት አለ። ነፋሱ ተጨምሮ ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ያህል ሆኖ ሲሰማ፣ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ልብሱን እዚያው ግዙ። የተለበሰ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች ጥሩ ጥሩ ነገር አላቸው፣ ዋጋቸውም አይጎዳም። አንድ ወፍራም ከመልበስ ሦስት መደራረብ ይሻላል። ከውስጥ ጥጥ አትልበሱ፤ ላብ ይይዝና መልሶ ያበርዳችኋል። ጫማ ደግሞ ወፍራም የሱፍ ካልሲ የሚያስገባ ይሁን። እግር ከጠበበው ይበርደዋል።

የመጀመሪያ ደሞዛችሁን ሙሉውን ወደ ቤት አትላኩ። እኔ ልኬ ነበር። ኅዳርን በስኒከር ነው የጨረስኩት። እናቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ ብሩን በእጇ አትነካውም ነበር።

ከሰል ቤት ውስጥ ማያያዝ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይሄን ያዙልኝ። እዚህ ቡና የምናፈላው በረንዳ ላይ ነው፣ ወይም በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ድሬ ቤት ዘግቶ የሚቀመጥ ማን አለ? እዚያ ያለው ቤት ግን ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ነው። መስኮቱ ድርብ ነው። እዚያ ውስጥ ከሰል ካያያዛችሁ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይጠራቀማል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይጀምርና ሰው ሳያውቀው ይሞታል። እኔ ባልንጀራዬን እንግዳ ሆኜ ሄጄ ከሰሉ ሲቀጣጠል ደርሼ ነው ያስጣልኳት። «ትንሽ ናት እኮ፣ ለጀበና ብቻ» አለችኝ። ትንሽ የሚባል የለውም።

ቡናችሁን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ። ጋዙን የሚያሳውቅ ደወል መኝታ ቤት አጠገብ መኖሩን፣ ባትሪውም መሥራቱን እዩ። ዕጣኑን በጥቂቱ አጭሱ፤ የጭሱ ደወል ከጮኸ ሕንጻው ሙሉ ደንግጦ ይወጣል። መኪና ስትይዙም ነገሩ ያው ነው። በረዶ ውስጥ ከተያዛችሁ ሞተር አስነስታችሁ ከመሞቃችሁ በፊት የጭስ መውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ወርዳችሁ እዩ።

«እኛ ድሬዎች ከሰው ጋር አንቸገርም» ብሎ መቀመጥ

ይህን እኔም ብዬው ነበር። እውነትም አንቸገርም፤ እዚህ። እዚህ ሽማግሌውንም አሮጊቷንም «አንተ»፣ «አንቺ» ብለን ነው ያደግነው። የአዲስ አበባ ሰው ይደነግጣል፤ እኛ ግን ቅርበት ነው። ጎረቤት ቡና ሲቆላ ሽታው ይጠራናል። እዚያ ሽታ አይጠራም። ሰዉ ጨዋ ነው፣ ፈገግ ይላል፣ በር ይይዝላችኋል። ፈገግታው ግን «ና ግባ» ማለት አይደለም። ከሰላምታ በኋላ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ይገባል። የመጀመሪያውን ዓመት «አንድ ቀን ይጠሩኛል» ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ። ማንም አልጠራኝም። እኔም ማንንም አልጠራሁም።

የተቀየረው በሁለተኛው ዓመት፣ በረዶ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ባደረ አንድ ጠዋት ነው። ዱሉት ውስጥ በዓመት የሚወርደው በረዶ ቢደመር ከ2 ሜትር ያልፋል፤ ደጃፍን መጥረግ የነዋሪው ሥራ ነው። ለሥራ ልወጣ በሩን ስከፍት የእኔ ደጃፍ ተጠርጓል። ደረጃው ላይ ጨው ተበትኗል። ቀና ስል ከጎን ያሉት ሽማግሌ አካፋቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው እየገቡ ነው። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እጃቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ። ያን ቀን ማታ ምስር ሳምቡሳ ጠብሼ በሳህን ይዤ አንኳኳሁ። በሩን በጠባቡ ከፈቱት። ቃሪያው ስለሚያቃጥል እንዲጠነቀቁ ነገርኳቸው። እዚያው ቆመው አንዷን ነከሱ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ሁለተኛዋን አነሱ። ከዚያ በኋላ ነው በሩን በሰፊው የከፈቱት።

ሳህኑን ከሦስት ቀን በኋላ መለሱልኝ። ባዶውን አልነበረም፤ ከተማዋ ዳር ካለው ሐይቅ የተጠመደና በጭስ የደረቀ ዓሣ ነበረበት። እንግዲህ ሳህን ባዶውን አለመመለስ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጠሪዎቹ እናንተ ሁኑ ነው የምለው። ግን እንደ እነሱ ወግ፦ ቀንና ሰዓት ቆርጣችሁ፣ ቀድማችሁ ነግራችሁ። «እንደደረሳችሁ ብቅ በሉ» የሚለው እዚያ ግብዣ አይመስልም። ቤተ መጻሕፍቱ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ በጎ ፈቃድ ሥራ፣ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው።

ጨለማውን በእንቅልፍ ማሳለፍ

ድሬ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን ታውቃለች። ዱሉት ላይ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ መገባደጃ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ጠልቃለች። ለሥራ በጨለማ ወጥታችሁ በጨለማ ትገባላችሁ። ሰውነት ይደክማል፣ ሆድ ይብሳል፣ ከአልጋ መነሳት ያስጠላል። እኔ ስንፍና መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ነበር። የብርሃን ማነስ የሚያመጣው የታወቀ የድብርት ሕመም ነው። 10,000 ለክስ (የብርሃን ብርታት መለኪያ ነው) የሚሰጥ መብራት ጠዋት ጠዋት ለ30 ደቂቃ አጠገብ አድርጎ መቀመጥ ብዙ ሰው ይረዳል። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለማበጀት ተጨማሪ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በዚያ ወቅት ደግሞ ፀሐዩ አይበቃም። ስለዚህ ሐኪም ስታዩ በደማችሁ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ዲ እንዲለካላችሁ ጠይቁ። ብርድ ነው ብላችሁም ቤት አትክረሙ። እኩለ ቀን ላይ ሃያ ደቂቃ ውጡ። አስፋልቱ ላይ መስታወት የመሰለ በረዶ አለና እጃችሁን ከኪስ አውጥታችሁ፣ እርምጃችሁን አሳጥራችሁ።

ሁሉንም ንቀት ማድረግ፣ ወይም ሁሉንም ዝም ማለት

ሁለቱም ይጎዳል። አንዳንዱ የሚያፈጥባችሁ ለምዶ ስላላያችሁ ነው። አንዳንዱ «ከየት ነሽ?» የሚለው ከልቡ ለማወቅ ነው። ስሜን ሲያጠፉ በፈረንጅኛ አላሳጠርኩም፤ ቀስ ብዬ ሦስቴ አስጠራኋቸው፣ ያዙት። እናንተም ስማችሁን አትልቀቁ።

እውነተኛ በደል ግን አለ። አንድ ቤት አከራይ በስልክ «ክፍሉ አልተያዘም፣ ነይ እዪው» ብሎኝ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረስኩ። ፊቴን ሲያይ «አሁን ተያዘ» አለ። ማስታወቂያው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አልወረደም። ዝም ብዬ ተመለስኩ። በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር ምክንያት ቤት አላከራይም ማለት በአሜሪካ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕገ ወጥ ነው። ሚኒሶታም አቤቱታ የሚቀበል የሰብዓዊ መብት መሥሪያ ቤት አላት፤ አቤቱታው ግን በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። እኔ ይህን ሳውቅ ዓመቱ አልፎ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ በዚያው ቀን ጻፉት፤ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል፣ ማን እንደነበረ።

የምትኖሩበትን ከተማ ታሪክም እወቁ። ዱሉት መሐል ከተማ ውስጥ የሦስት ወጣቶች ሐውልት አለ፤ ኤሊያስ ክሌይተን፣ ኤልመር ጃክሰን፣ አይዛክ ማጊ። የሰርከስ ሠራተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1920 በሐሰት ተወንጅለው፣ ግርግር የፈጠረ ሕዝብ ከእስር ቤት አውጥቶ ሰቀላቸው። ከተማዋ መታሰቢያ ያቆመችላቸው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በረዶ ሲቀልጥ ሄጄ እቆማለሁ። እዚያ ስቆም ከእኔ በፊት ጥቁር ሰው በዚህ ከተማ ምን እንደከፈለ አስባለሁ፤ ሐውልቱን ያቆሙት ሰዎች ጎረቤቶቼ መሆናቸውንም።

በየሳምንቱ ሚኒያፖሊስ መሄድ

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል 250 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ በርበሬውም፣ የሐበሻ ሬስቶራንቱም እዚያ ሞልቷል። በየሳምንቱ የሄዱ ጓደኞቼ ግን በራሳቸው ከተማ እንግዳ ሆነው ቀሩ። ጭራሽ ያልሄዱትም ሆድ ባሳቸው። በወር አንዴ፣ በበዓል ደግሞ የግድ። የእኛ የገና በዓል እዚያ የሥራ ቀን ስለሆነ ፈቃዱን ከወር በፊት ጠይቁ።

እንጀራውን ራሳችሁ ጋግሩ። ጤፍ አሜሪካ ውስጥም ይበቅላል። ሊጡ በብርድ አልቦካ ሲላችሁ ምጣድ አትቀይሩ። የጠፋ ኦቨን ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ሊጡን አሳድሩት። ጠዋት አረፋው ፊቱን ሞልቶት ታገኙታላችሁ።

«ደህና ነኝ» እያሉ መደወል

እናቴ ስትደውል ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ ሁሉ ሰላም» እል ነበር። ሦስት ዓመት። እሷም የድሬው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ መጥቶ ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች ቀን «ደህና ነን» ትለኝ ነበር። ለካ ሁለታችንም ስንደባበቅ ነው የኖርነው። አንድ ቀን አልችል ብዬ አለቀስኩባት። አልደነገጠችም። «በይ ንገሪኝ» አለችና አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማችኝ። ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ለጎረቤታችን ልጅ ይህን ሁሉ ትናንት ደግሜ ነገርኳት፤ በጽሑፍም ሰጠኋት። ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ ከተረፈ ብዬ አንድ ጀበናም ጨመርኩላት። ጀበናውን በፎጣ ስትጠቀልል ስልኳን አንስታ ባሏን ስትጠይቅ ሰማኋት፦ «እዚያ ቤት ያለው ምድጃ የኤሌክትሪክ ነው አይደል?»