የኪዩብ ውጤት ሲወድቅ ናሙናውንም መርምሩ

አዲስ አበባ ውስጥ በምንገነባው የንግድ ሕንፃ የምሰሶዎቹ የኪዩብ ውጤት፣ ማለትም ከሚሞላው ኮንክሪት በሻጋታ ተወስዶ በመጨመቅ የሚፈተነው ናሙና ጥንካሬ፣ ደጋግሞ ወደቀ። የታዘዘው ሲ-25 ኮንክሪት በ28ኛው ቀን 25 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) መድረስ ሲገባው ከ20 በታች ይመጣ ነበር። አማካሪው መሐንዲስ የሶሌታውን (የኮንክሪት ወለሉን) ሙሌት አገደ፤ ክፍያውም አብሮ ቆመ።

ሲሚንቶ ጨምረን ነበር፤ ለውጥ አላመጣም። የአሸዋውን ደለል ለካን፤ ንጹሕ ነው። የውኃውን መጠን አጠበቅን፤ ያው ነው።

መንገዱን የከፈተልን የሽሚት መዶሻ፣ ማለትም ኮንክሪቱን መትቶ በመንጠር ጥንካሬውን የሚገምት መሣሪያ፣ ነው። የምሰሶዎቹ ንባብ ከኪዩቦቹ እጅግ በለጠ። መዶሻው የሚለካው የላይኛውን ገጽ ስለሆነ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን ዓይናችንን ከኮንክሪቱ ወደ ናሙናው አዞረው። ኪዩቦቹ ከሻጋታ እንደወጡ ከመጋዘኑ አጠገብ ተደርድረው ፀሐይ ይመታቸው ነበር! ውኃ ያላገኘ ሲሚንቶ ጥንካሬውን መገንባት ያቆማል።

የሠራው ይህ ነው፦ 150 ሚሊሜትር የሆነውን ሻጋታ በሦስት ሽፋን መሙላት፤ እያንዳንዱን ሽፋን በብረት ዘንግ ቢያንስ 35 ጊዜ መውጋት፤ ለ24 ሰዓት ያህል በእርጥብ ጆንያ መሸፈን፤ ከዚያ እስከ ፍተሻው ቀን ድረስ 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውኃ ውስጥ ማቆየት። ገንዳውን ቤት ውስጥ አስገብተን ቴርሞሜትር አኖርንበት፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ውኃውን በጣም ያቀዘቅዘዋልና።

ከዚያ በኋላ የተሞሉት ምሰሶዎች ኪዩብ በ28ኛው ቀን ከ25 በላይ ሰጠ። ለቀድሞዎቹ ከምሰሶዎቹ ላይ ኮር (በመሰርሰሪያ የሚወጣ ሲሊንደር ናሙና) ተቆርጦ በቤተ ሙከራ ተፈተነ፤ አለፉ። እገዳው ተነሣ።